ዩኤክስ ለመማር የግድ ኮድ መቻል አያስፈልግም

ወንድሜ፣ «ኮምፒውተር ሳይንስ ያልተማረ ውጭ ሄዶ ዩኤክስ ዲዛይን በማስተርስ መማር አይችልም» ያልከው ልክ አይደለም። ይህን ሰምተው ሳይሞክሩ የተዉ የደብረ ብርሃን ልጆች አውቃለሁ፣ ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። ዩኤክስ ዲዛይን ማለት አፕ ወይም ድረ ገጽ ለተጠቃሚው እንዲመች አድርጎ መንደፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አፕል ውስጥ «ዩዘር ኤክስፒሪያንስ» (በአጭሩ ዩኤክስ) የሚለውን ስያሜ ያስለመደው ዶን ኖርማን እንኳ ዶክትሬቱ በሳይኮሎጂ ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ኮርስ ይጠይቃል፣ እውነት ነው። ብዙዎቹ ግን ፖርትፎሊዮህን፣ ማለትም የሠራሃቸውን ሥራዎች ስብስብ፣ ያያሉ።

ፖርትፎሊዮ ሲባል ደግሞ ያማረ ስክሪን ብቻ አይምሰልህ። እዚሁ ገበያ ጤፍ የሚሸጡ እናት በስልክ ብር ሊልኩ ሲሉ አይተሃል? ቁጥሩን አሳምረው ያውቁታል። «ቀጥል» እና «ሰርዝ» ጎን ለጎን ሲመጡ ግን አውራ ጣታቸው አየር ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ስልኩን ለልጅ ይሰጣሉ። ለምን እንደሆነ እሳቸውን ጠይቀህ፣ ሌላ አማራጭ በወረቀት ስለህ፣ መልሰህ አሳይተሃቸው የተለወጠውን ከጻፍክ አንድ ጥሩ ፕሮጀክት ያዝክ ማለት ነው።

ይልቅ የሚያሳስበው ክፍያው ነው። ስዊድን ለምሳሌ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣን ተማሪ ታስከፍላለች። ስለዚህ ስኮላርሺፑን ከማመልከቻው እኩል ፈልግ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውንም ቀድመህ ጨርስ።