ማስተካከያ፦ ችግኙን ከነፕላስቲኩ አትትከሉት

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ በአበባና በችግኝ ሻጮች መካከል አንድ መልእክት ሲዞር ነበር። «ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፕላስቲክ አፈር ውስጥ ስለሚጠፋ ችግኙን ከነከረጢቱ መትከል ይቻላል ይላል። አይቻልም።

ይበሰብሳሉ ከሚባሉት አንዱ፣ ኦክሶ የሚባለው፣ ያው ተራ ፕላስቲክ ነው። የሚያፈራርሰው ኬሚካል ተጨምሮበታል፣ በቃ። ፀሐይና አየር ሲያገኘው ይሰባበራል እንጂ ብን ብሎ አይጠፋም። ፍርፋሪው አፈር ውስጥ ይቀራል። የአበባችን ትልቁ ገዢ የሆነችው ኔዘርላንድስ ያለችበት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ከገበያ አግዶታል። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራው ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ይሻላል። ግን እሱም ቶሎ የሚበሰብሰው ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሚደርስ የኮምፖስት ማዘጋጃ ነው። የጓሮ አፈር ከየት አምጥቶ!

ስለዚህ የቡና ችግኝ ስትተክሉ ጥቁሩን ከረጢት አውልቁት። መጀመሪያ የከረጢቱን ታች ከነአፈሩ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ቁረጡ፤ የተጠማዘዘ ሥር ካለ አብሮ ይወጣል። ከዚያ ጎኑን በምላጭ ሰንጥቁት፤ አፈሩ እንዳይፈርስ ቀስ ብላችሁ።

መልእክቱ «ኮባ ለአበባ መጠቅለያ አይሆንም» ማለቱም ልክ አይደለም። ድፎ ዳቦ የሚችል ቅጠል እቅፍ አበባ አያቅተውም። ከገበያ እስከ ቤት ላለው መንገድ ከፌስታል ይልቅ ኮባ ወይም ወረቀት ይበቃል። በአውሮፕላን ለሚሄድ አበባ ግን ጠንካራ ካርቶን ያስፈልጋል።