ቀስ ማለቱ ብቻ አይበቃም
«ሮቦቱ ቀስ ብሎ ከተንቀሳቀሰ አጠገቡ ለሚሠራው ሰው አያሰጋም» የሚለው፣ ከሰው ጎን ስለሚሠሩ ሮቦቶች እዚህ ያነበብኩት ጽሑፍ ሐሳብ አልተዋጠልኝም። የያዘውስ ነገር? ቢላ ወይም ሹል ቆርቆሮ ከጨበጠ ቀስ ማለቱ ምን ይፈይዳል! በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው አይኤስኦ ቲኤስ 15066 (ከሰው ጋር ስለሚሠሩ ሮቦቶች ደህንነት የወጣ ዓለም አቀፍ የደረጃ ሰነድ) እኮ ፍጥነትን ብቻ አያይም። ግንባርና መዳፍ እኩል ስለማይችሉ፣ ለየአካል ክፍሉ የተለየ የግፊት ወሰን ያስቀምጣል። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ማሽን ጠጋኝ ነኝ። እኛ ጋ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ኃይል ሲቋረጥ የብዙዎቹ ሮቦቶች ክንድ ፍሬን ይይዝና ባለበት ይደርቃል። እንዳይወድቅ ነው፣ ጥሩ። ግን የሰው እጅ መሃል ከገባስ? ያለ ኤሌክትሪክ ክንዱን ማላቀቂያ መንገድ መኖሩን፣ አጠገቡ የምትሠራው ልጅም ማወቋን ሳያረጋግጡ መትከል ያስፈራል። የምሠራበት ቦታ ያለ አንድ ማሽን ማስጠንቀቂያው በሙሉ በቻይንኛ ነው፤ ቀዩን ማቆሚያ ቁልፍ ደግሞ አጭር ሰው አይደርስበትም (ማን ለክቶ እንደሰቀለው እንጃ)። ከላይ በአስተያየትህ ሮቦቶች «ሥራችንን ሊቀሙን ነው» ያልከው ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ሮቦቱ ሳይገዛ ማሽኑ ላይ የሚውሉት ሠራተኞች «ቁልፉ የት ይሁን?» ተብለው ቢጠየቁ ነው የምመርጠው።