የሚያክመውና የሚፈትነው አንድ ሰው ሲሆን

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና የሕክምና ተማሪውን እዚህ አሜሪካም አገር ቤትም ከመንገዱ አስወጣው። እዚህ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ተማሪዎች ከሕሙማን ክፍል ለጊዜው እንዲወጡ መከረ፤ የፈተና ማዕከላት ተዘጉና ለወራት የተጠናለት የስቴፕ ዋን (የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናው የመጀመሪያ ክፍል) ቀጠሮ ተሰረዘ፤ ብዙው ተማሪ አፓርታማው ውስጥ ከላፕቶፑ ጋር ብቻውን ቀረ። አገር ቤት ግቢው ተዘግቶ ወደ ቤተሰቡ የተመለሰውን ደግሞ፣ ገና ፒሲ ዋን (የቅድመ ክሊኒክ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ሳለ «ዶክተር» እያለ የሚጠራው ሰፈር ስለ በሽታው ሁሉን ይጠይቀዋል፤ እሱ ትምህርቱ መቼ እንደሚቀጥል እንኳ አያውቅም። ሰኔ 23 ኢንተርኔት ሲቋረጥ በቴሌግራም የሚመጣለት ማንበቢያም ቆመ።

ይህን ሲያወዳድሩ ብዙዎች «እዚህ ብቸኝነት፣ እዚያ ቤተሰብ» ብለው ያልፉታል። የቤተሰብ ጥቅም አይካድም። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፦ ተማሪው ጭንቀቱን የሚነግረው ሰው በውጤቱ ላይ ሥልጣን አለው ወይ?

አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ትምህርት ቤቶች ዕውቅና የሚሰጠው አካል፣ ተማሪን ያከመ ባለሙያ በዚያ ተማሪ ማለፍና መውደቅ ላይ እንዳይገባ በመመዘኛው አስቀምጧል። አገር ቤት በብዙ የክልል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያሉት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዛሬ ተማሪውን ያከሙት ሐኪም፣ ነገ በሳይካትሪ አታችመንት (በሥነ አእምሮ ክፍል የተግባር ትምህርት) የቃል ፈተና የሚፈትኑትም እሳቸው ናቸው። ካርድ የሚያወጣለትም፣ ተረኛው ኢንተርንም (ተለማማጅ ሐኪም) ያውቁታል። ስለዚህ ዝም ይላል። ወይም የድብርት መድኃኒት የሆነውን ፍሉኦክሰቲን ከፋርማሲ ገዝቶ በሳምንቱ ለውጥ ሲያጣ ይተወዋል፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚፈጅ ተምሮት እያለ።

እዚህም ነገሩ አላለቀም። በ2016 እ.ኤ.አ. የብዙ አገሮችን ጥናቶች አሰባስቦ የወጣ ትንተና፣ ከወረርሽኙ በፊት እንኳ ከሕክምና ተማሪዎች 27 በመቶ ገደማ የድብርት ምልክት እንደነበራቸው፣ ከእነሱም ሕክምና የፈለጉት 16 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። በብዙ ስቴቶች የሥራ ፈቃድ ማመልከቻው የአእምሮ ሕክምና ታሪክን ይጠይቅ ስለነበር ሰው ስሙ እንዳይመዘገብ ይሸሽ ነበር።

አገር ቤት ያለ ብዙ ገንዘብ ሊጀመር የሚችል ነገር አለ። ፒኤችኪው-9 የድብርት ምልክትን የሚለካ፣ በኢትዮጵያም የተፈተሸ መጠይቅ ነው፦ ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27። 10ና ከዚያ በላይ ያገኘን ተማሪ ባለሙያ ሊያነጋግረው ይገባል። ዘጠነኛው ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ይጠይቃል፤ እሱ ላይ ከ0 ውጭ የመለሰ ድምሩ ዝቅተኛ ቢሆንም በዚያው ቀን ይታያል፣ እስኪታይም ብቻውን አይተውም። መጠይቁ የሚበላሸው የክፍል ተጠሪው በመታወቂያ ቁጥር ሲሰበስበው ነው፤ ያኔ ሁሉም 0 ሞልቶ ይመልሳል። ከሌሊት ዲውቲ (ተረኝነት) በወጡ ማግስት መስጠትም ስለ እንቅልፍና ድካም የሚጠይቁትን ነጥቦች ያዛባል።

ከመጠይቁ በፊት ግን የሚቀበል ሰው ይዘጋጅ። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተስማምተው አንዱ የሌላውን ተማሪዎች በስልክ ቢያይ ፈታኝና ታካሚ አይገናኙም። መዝገቡ በስም ፋንታ በመለያ ቁጥር ይያዝ፣ ቁልፉም ከዲኑ ቢሮ ውጭ ይቀመጥ። ለቀጠሮው የሚሆን፣ ምክንያቱ የማይጠየቅ ግማሽ ቀን ደግሞ ከአታችመንቱ ፕሮግራም ላይ አስቀድሞ ይጻፍ፤ አለዚያ ከራውንድ (ሕሙማንን በቡድን ከመጎብኘት) የቀረ ተማሪ የት እንደነበር በሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ በሚማረው ሐኪም) ፊት ማስረዳት ይኖርበታል።