ይድረስ ለክቡር አቶ ማስክ፣ ባሉበት (አገጭ ላይ)

ጉዳዩ፦ ከመድረካችን እንዲወርዱልን ስለመጠየቅ

እንደምን ከረሙ ጌታው? ቤተሰብ እንዴት ነው? ሳኒታይዘር፣ ጓንት፣ ያ በእግር ሲረገጥ ውሃ የሚያወርደው በርሜል፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እዚህ ወሎ ሁለቱን አስከትሎ ማለት የተለመደ ነው።

አንቱ ማለቴን ግን ከዚህ ላይ ላቁም። ያን ሁሉ ጊዜ አፍና አፍንጫዬ ላይ ተኝተህ፣ ቁርስ ምን እንደበላሁ ከሚስቴ በፊት እያወቅክ፣ አንቱታ ምን ያደርግልናል?

እኔ ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የድራማ ክበቡን የምመራ መምህር ነኝ። ሥራው አበል የለውም። ያለው ጥቅም በዓመት አንዴ፣ በወላጆች ቀን፣ የባህል ጭፈራው ካለቀ በኋላና ሽልማቱ ከመጀመሩ በፊት “ሃያ ደቂቃ ብቻ፣ ቲቸር!” ተብላ የምትሰጠን መድረክ ናት። እሷን ሃያ ደቂቃ ነው የመጣህባት።

ውለታህን አልክድም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። ለአሥራ አምስት ቀን ነው ተብሎ ልጆቹ የተመለሱት በ2013 ነው፣ ያውም በፈረቃ። ስልክ ደውለን “ሄሎ” ከማለታችን በፊት እጃችሁን ታጠቡ የሚል ድምፅ ይቀድመን ነበር። “ሁለት የአዋቂ እርምጃ” እየተባለ ለቅሶ ቤት እንኳ ተራርቀን ተቀመጥን። ወሎዬ ተራርቆ ሲያለቅስ አስበው! ያኔ አንተ ነበርክ መከታችን። የሠራኸውን ሠርተሃል።

ከዚያ በ2014 ጦርነቱ መጣና ማን ያስታውስህ። ሰው ነፍሱን ይዞ ሲወጣ ማስክ አይፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅትም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 የዓለም አቀፍ አስቸኳይ ጊዜው አብቅቷል አለ። ቫይረሱ ጠፋ ግን አላለም፣ ይህችን ልብ በልልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ደሴን ዙርልኝ እስቲ። ሸዋ በር ገበያ ሂድ፣ ሰው በሰው ላይ ነው፣ አንተ የለህም። ፒያሳ ካፌ ግባ፣ የለህም። ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ፣ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሆነህ ተጠጋ ስትባል፣ እዚያም የለህም። ሠርግ ዳስ ውስጥ፣ ሁሉም በአንድ ትሪ ዙሪያ ተጎንብሶ ሲጎርስ ብትፈለግ አትገኝም። ታዲያ አንተ የት ነህ? ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ ከቁም ሳጥኑ ታችኛው መደርደሪያ፣ ከአሮጌ የጥሪ ወረቀቶች አጠገብ። የድራማ ክበብ የሚል ቃል በሰማህ ቁጥር ብድግ የምትለውም ከዚያው ነው።

ዘንድሮም እንደዚያው ሆነ። ለወላጆች ቀን ዝግጅት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዳሱ፣ ወንበሩ፣ የለስላሳው ሳጥን፣ ሁሉም በሰላም አለፈ። “ልዩ ልዩ” የሚለው አጀንዳ ላይ ስንደርስ ግን አንድ የኮሚቴ አባል፣ ስብሰባው እስከዚያ ድረስ ስልካቸውን ሲነካኩ ቆይተው፣ ቀና አሉና “ለመሆኑ ኮቪድን ረሳነው እንዴ?” አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተነሳ በኋላ “አዎ ረስተነዋል” ብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚፈርም ወንድ የለም። ሁሉም ተጠያቂ ላለመሆን ተሽቀዳደመ። ተወሰነ፦ ተዋንያን በሙሉ ማስክ አድርገው ይጫወቱ። ተመልካቹስ? ተመልካቹ እንግዳ ነው፣ አይገደድም። ዘፋኞቹስ? እነሱ እንኳ በቴፕ ነው፣ አፋቸውን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሱት።

“ለምን ተዋናዩ ብቻ?” ብዬ ጠየቅኩ። “ስለሚጮኹ” ተባልኩ። በእውነቱ ሳይንስ አላት፣ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ከዝምተኛው የበለጠ ብናኝ ከአፉ ያወጣል። እሺ፣ ተረታሁ። ግን ፕሮግራሙን ሳየው የክብር እንግዳው “የ5 ደቂቃ” ንግግር አለበት፣ የእኛ አገር አምስት ደቂቃ ደግሞ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ። እሳቸውስ ማስክ ያደርጋሉ ወይ? “ኧረ በሞቴ! ድምፃቸው እንዳይሰማ ነው እንዴ?”

ተመልከት እንግዲህ። የክብር እንግዳው እንዲሰሙ አንተን ያወልቁሃል። የእኔ ተዋንያን ሲጮኹ ስለሚሰሙ አንተን ይለብሱሃል። ይህን ሰምቼ መልስ አጣሁ፣ ከፊቴ ያለውን ቆሎ ዘገንኩ።

የታሪክ መምህሩ ደግሞ፣ ወዳጄ ነው ግን አንዳንዴ ዝም ቢል ደስ ይለኛል፣ ሊያጽናናኝ ብሎ “የጥንት ግሪኮችም እኮ በጭምብል ነበር የሚጫወቱት” አለ። ልክ ነው። ግን የግሪኮቹ ጭምብል አፉ ላይ ይህን የሚያህል ቀዳዳ ነበረው! እነሱ እንኳ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ተዋናይ አፍ እንደሚያስፈልገው ገብቷቸዋል።

የመጨረሻውን ልምምድ በዘጠነኛ ክፍሎች ፊት አደረግን። ድራማውን የጻፈችው የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ናት። ሁለት ቤተሰብ ናቸው፣ አንዱ ከገራዶ፣ አንዱ ከደሴ፤ ሠርግ ተደግሶ ሙሽራው ይጠፋል። መጥፎ ጽሑፍ አይደለም፤ እኔ በእሷ ዕድሜ እንደዚያ አልጽፍም ነበር። መድረኩ እንደተለመደው ዴስክ ተገጣጥሞ ምንጣፍ የተነጠፈበት ነው። መጋረጃችን ሁለት አንሶላ።

ሙሽሪት ገባች። የዓመቱ ትልቅ ንግግር የእሷ ነው፤ ወደ እናቷ ዞራ “ጠላኝ! ጠላኝ እኮ!” ብላ ታለቅሳለች። አንተ አፏ ላይ አለህ። መጨረሻዋን ፊደል ዋጥካት። ኋላ የተቀመጡት የሰሙት “ጠላ! ጠላ እኮ!” ነው። አንዱ ጎረምሳ ከጥግ ተነስቶ “ጠጅስ የለም?” አለ። አለቀ። አዳራሹ ፈረሰ። ልጅቷ ከልቧ አለቀሰች፣ እንባዋንም አንተ ጠጣኸው፣ ከፊት የተቀመጠው እንኳ አላየውም።

ይህ የእሷ ጥፋት አይደለም። ተለክቶ የታወቀ ነገር ነው። ቀላሉ የሕክምና ማስክ ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል ድምፅ ይቀንሳል፤ ኤን 95 የሚባለው ታላቅ ወንድምህ ደግሞ እስከ 12 ይደርሳል፤ የምታፍኑትም በተለይ ከ2,000 እስከ 7,000 ኸርዝ ያለውን ቀጭን ድምፅ ነው። “ሰ”፣ “ሸ”፣ “ፈ” የሚኖሩት እዚያ ሰፈር ነው። ማለትም ጩኸቱን ታሳልፋለህ፣ ትርጉሙን ታስቀራለህ። ለስብሰባ ይህ ጥሩ ነው። ለድራማ ግን ሞት ነው።

የሙሽራው አባት ሽማግሌ ናቸው፣ ማለትም አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጺማቸውን በጥጥ ሠርተን በሙጫ ልንለጥፍ ስንል የሚለጠፍበት አገጭ የለም፣ አንተ ይዘኸዋል። ምን ይደረግ፣ በአንተ ላይ ለጠፍነው። መጀመሪያ አምሮ ነበር። ከዚያ ልጁ ረጅሙን እርግማን እየተራገመ ትንፋሽ አጠረውና ሳያስበው ወደ ላይ ገፋህ። ጺሙ እንዳለ ግንባሩ ላይ ወጣ። የተከበሩ ሽማግሌ፣ ግንባራቸው ላይ ነጭ ጺም፣ ከስሩ ለምለም የልጅ ፊት፣ “አብራክህ አይባረክ!” ይላሉ።

እልልታውንስ ልንገርህ? የሠርጉ ትዕይንት ላይ አሥር ልጃገረዶች በማስክ ውስጥ እልል ሲሉ ሰምተህ ታውቃለህ? ታውቃለህ፣ እዚያው ነበርክ። እግዜር ያሳይህ፣ ይህ አምባሰልና ባቲ ለተባሉት የዜማ ቅኝቶች ስም ያወጣ አገር ነው! እዚህ አፍ ከፍቶ ማዜም ልጅ ጡት ሳይጥል የሚለምደው ነገር ነው።

መነጽር የምታደርገዋ አክስት ደግሞ በጭጋግ ታወረች። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ጠዋት የጦሳ ተራራ ራሱ ጉም ለብሶ ነው የሚነሳው፣ በዚያ ላይ አንተ ትንፋሿን ሁሉ ወደ መነጽሯ ትልካለህ። ከዴስኩ ጫፍ ሁለት ጣት ሲቀራት ነው የያዝናት።

ይህ ሁሉ ለጤና ከሆነ ይሁን፣ እንችለዋለን። ነገር ግን የተገዛው ማስክ ከተዋናዩ ቁጥር ያነሰ ነበር። ስለዚህ ከመድረክ የሚወጣው፣ አውልቆ ለሚገባው ይሰጠዋል። ያኔ ባንክ በር ላይ የወጣው ለሚገባው እንደሚያውሰው ማለት ነው። የሙሽራው ማስክ ለደላላው፣ የደላላው ለፖሊሱ። ከዚያ ሦስቱም በተራ አንዲቷን ማይክ አፋቸው ድረስ አስጠግተው ይናገራሉ። ኮሚቴው ይህን አይቶ “ፕሮቶኮሉ ተጠብቋል” አለ።

አሁን ወደዚያች ወደ ያዝኳት ነገር ልመለስ፦ ቫይረሱ አልጠፋም። የሚፈራ ሰውም አለ፣ በእሱ ላይ አልስቅም። የአንዷ ተዋናይ እናት ከልምምዱ በኋላ መጡ። “ቲቸር፣ አብሽር፣ ድራማው ይቅር ልል አይደለም የመጣሁት” አሉ። እናታቸው አስም አለባቸው፣ ቤት ውስጥ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። “ልጄ እዚህ ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ታፍና ትውልና ማታ የምትተኛው አያቷ ጉያ ነው። ማስኩን ተወው፣ ሲለዋወጡት አይቻለሁ። ወላሂ እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፣ መስኮቱን ክፈቱልኝ።”

መስኮቱ! ኮሚቴው በዚያ ሁሉ ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ ያላነሳው መስኮት። የአዳራሻችን መስኮት በምስማር የተመታ ነው። ብርድ ያስገባል ተብሎ። የክብር እንግዳ ስለሚቀመጥበት ደግሞ በዚያ በኩል ካርቶንም ተጨምሮበታል።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር፣ አንተና እኔ ብቻችንን ነን። አበሻ ኮሮናን ፈርቶ አያውቅም፣ ንፋስን ግን ይፈራል። ሚኒባስ ውስጥ ሳል የሚያስለው ሰውዬ አጠገብ ተቀምጠህ መስኮት ብትከፍት፣ የሚቆጣው መጀመሪያ ራሱ የሚያስለው ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ፣ ሃያ ሰው የተነፈሰውን አየር እየተቀባበልን፣ “ዝጋው እባክህ፣ ጎኔን ወጋኝ!” እንባባላለን። የሳንባ ነቀርሳ እኮ ኮሮና ሳይወለድ ጀምሮ አብሮን ያለ በሽታ ነው፤ የጤና ባለሙያውም ያን ጊዜ ሁሉ መስኮት ክፈቱ ሲል ኖሯል። እኛ ጥርቅም አድርገን ዘግተን ተቀመጥን። ምች ይመታናላ!

ስለዚህ ኮሚቴው አንተን የወደደህ ለዚህ ነው፣ አትኩራ። አንተን መልበስ ያለበት ልጅ ነው፣ መስኮት ቢከፈት የሚበርደው ግን ኮሚቴው ነው። መስኮት መክፈት የሁሉንም ጎን ይነካል። አንተን ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አፍ ላይ ለጥፎ ፎቶ ማንሳት ሪፖርት ላይ ያምራል።

አማራጭ አላጣሁም። ሜዳ ላይ እንሥራው አልኩ፣ ሰኔ ነው ዝናቡ ያገኘናል ተባልኩ። ወደ ግንቦት እናምጣው አልኩ፣ ፈተና አለ ተባልኩ። ከፊት የሚቀመጡትን ሁለት ሜትር ከመድረኩ እናርቃቸው አልኩ፣ እዚያ የሚቀመጡት የክብር እንግዶች ናቸው ተባልኩ። የፊት መከላከያ ላስቲኩን ሞከርን፣ በጉም ተሸፈነ፣ ተዋንያኑ እርስ በርስ መተያየት አቃታቸው።

አሁን የምለምንህ ይህን ነው። አትጥፋ። ማንም ጥፋ አላለህም። ቅዳሜ ከሌላው እንግዳ ቀድመህ ና። ቦታ ይዘንልሃል፣ ከተመልካቹ መሃል፣ ከፊት ሦስተኛው መደዳ ላይ፣ ጉንፋን ይዟቸው “ኧረ ደህና ነኝ፣ ትንሽ ብርድ ነው” የሚሉት ጋሼ አፍ ላይ። ቤታቸው አያት ያላቸው፣ ሳምባ የሚያማቸው፣ የሚፈልጉህ ሁሉ አፍ ላይ በክብር ተቀመጥ፣ ማንም አይስቅባቸው፣ የሚስቅ ካለ እኔ አስወጣዋለሁ። ሙሽሪቷን ግን ልቀቃት። ጠላኝ ትበል። ኋላ ድረስ ይሰማ።

ከሰላምታ ጋር፣
የድራማ ክበብ ተጠሪ
(ማኅተም ያልተደረገበት ማኅተሙ ያለበት ቢሮ ስለተቆለፈ ነው)

ግልባጭ፦
ለጥበቃው ለጋሼ፣ ቅዳሜ በጠዋት፣ ኮሚቴው ሳይመጣ፣ ጉጠት ይዘው በመስኮቱ በኩል እንዲገኙልኝ