ውዳሴ ፕሮሰስ

በጅማ ከተማ አንድ ወጣት ሊደርስበት ከሚችለው ማዕረግ ሁሉ የላቀው የቱ እንደሆነ ብትጠየቁ፣ ሐኪምነት ወይም መሐንዲስነት ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ሐኪም የሆነ ሰው ጎረቤት ባመመው ቁጥር ከምሳው ላይ ይነሣል፤ መሐንዲስ የሆነውም የዘመድ አዝማዱን የቤት ፕላን በነፃ ሲሥል ይኖራል። ከሁለቱም በላይ የሚከበረው፣ አንዳች ሳይሠራ የሚመሰገነው፣ ሱቅ የማይላከውና ወፍጮ ቤት ደርሰህ ና የማይባለው «ፕሮሰስ ላይ ያለ»፣ ማለትም ውጭ አገር ለመሄድ አመልክቶ መልስ የሚጠብቅ ልጅ ነው። ይህን ማዕረግ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ የለም። የሚሰጠው ሰፈር ነው፤ ሰፈር ደግሞ አንዴ የሰጠውን መልሶ አይወስድም።

ፕሮሰስ ላይ ያለን ልጅ ባገኙት ቁጥር «ምን አሉ?» ብሎ የመጠየቅን ልማድ የሚነቅፉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። «ልጁን አትጨቅጭቁት፤ መልሱ ሲመጣ ራሱ ይነግራችኋል» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ለጉርብትና ግድ የላቸውም። መልሱ ከመጣ በኋላ ብቻ የሚወራ ከሆነ፣ ማመልከቻው ከገባበት ዕለት አንሥቶ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ባለው ጊዜ ሰፈሩ በየቡናው ላይ ምን ሊያወራ ነው?

የምናገረው በቅርብ ስለማውቀው ነገር ነው። ከአጥራችን ማዶ የሚኖረው ጎረቤቴ ከገበሬ ቡና እየሰበሰበ ለነጋዴ የሚያስረክብ ሰው ሲሆን፣ ልጁ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አመልክቶ ነበር። «ኮመን አፕ» በሚባለው ማመልከቻ እስከ 20 ኮሌጆች ድረስ መጠየቅ ይቻላል። ልጁ አጥንቶ 9 ብቻ በመምረጡ ሰፈሩ ክፉኛ አዘነበት፤ 11 ዕጣ ሳይቆርጥ እንደተወ ሰው ተቆጠረ። ለገንዘብ ድጋፍ የሚሞላ «ሲኤስኤስ ፕሮፋይል» የተባለ ሌላ ቅጽም አለ፤ የወላጅን ገቢ፣ ቁጠባና ንብረት አንድ በአንድ ይጠይቃል። ቅጹ በተሞላ ዕለት እንግሊዝኛ ያውቃል ተብዬ ተጠርቼ ነበር። ቤታችሁ ስንት ያወጣል የሚለው ጥያቄ ላይ ስንደርስ አባት መነጽሩን አወለቀና «ለማን ነው የሚነገረው?» ሲል ጠየቀኝ። «ለግብር ከሆነ ሌላ ነው፤ ለባንክ ብድር ከሆነ ሌላ ነው፤ ለገዢ ከሆነም ሌላ ነው።» ለአሜሪካ የሚነገር አራተኛ ዋጋ አስቀድሞ ስላልተዘጋጀ፣ ጉዳዩ እስከ ማግስቱ በይደር ቆየ።

የድርሰቱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ የማኅበር ሥራ ሆነ። ማመልከቻው ከ650 ቃላት ያልበለጠ ጽሑፍ ስለ ራስ እንዲጻፍ ያዛል። ልጁ በቦዬ ረግረግ ዳር እየተቀመጠ ወፎችን መዝግቦ መያዝ ስለሚወድ ስለዚሁ ጽፎ ነበር፤ አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ጽሑፉ ቡና ላይ በተነበበ ጊዜ ጉድለቱ ወዲያው ታየ። መከራ የለበትም። አንዲት ዘመድ «በኩራዝ እንዳጠናህ ለምን አልጻፍክም?» አለች፤ ልጁ ግን በአምፖል ነው ያጠናው። አንድ አጎቱ በባዶ እግሩ ስንት ኪሎ ሜትር እየተጓዘ እንደተማረ እንዲጨምር መከረ፤ ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው ሁለት መታጠፊያ ብቻ ነው የሚርቀው። አባቱም እናቱም በሕይወት መኖራቸው፣ ያውም ሳይጣሉ፣ ለማመልከቻው ከባድ እንቅፋት መሆኑን ሁሉም በሐዘን ተቀበለ። እናቱ ያን ዕለት ጥፋተኛ እንደሆነ ሰው አንገቷን ደፍታ ቡና ስትቀዳ ትታየኛለች።

ማመልከቻው በታኅሣሥ ማብቂያ ገባ። ከዚያ ወዲያ የልጁ ጉዳይ የልጁ መሆኑ ቀረ፤ ጠያቂዎች ተረከቡት።

የጅማን ጠያቂ ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። የጅማ ጠያቂ «ደኅና አደርክ?» ከማለቱ በፊት «ምን አሉ?» ይላል። ከመንገድ ማዶ ሆኖ የሚጠይቅበት ምክንያትም ድምፁ ለሌሎቹ ጭምር እንዲደርስ፣ በየተራ መጥተው እንዳይደክሙ አስቦላቸው ነው። ባለሱቁ የሰጠውን ዱቤ ሲጽፍ «አሜሪካ ስትገባ ትልክልኛለህ» እያለ ከልጁ ይልቅ ራሱን ያበረታታል። አንዳንዱ በጨዋነቱ ልጁን አይጠይቅም፤ እናቲቱ ከገበያ ስትመለስ ፊቷን አይቶ ብቻ ያልፋል፤ ከዚያም ያየውን ለሰባት ሰው ያስረዳል። ልጁ ጸጉሩን ሲስተካከል «ቪዛ ሊጠይቅ ነው» ተባለ፤ ጉንፋን ይዞት ሦስት ቀን ከቤት ባልወጣ ጊዜም «ሄዷል፣ ደብቀውት ነው» የሚል ወሬ እስከ ሕርማታ ገበያ ደረሰ። ለአንድ ልጅ ይህን ያህል አሳቢ የሚገኘው በየት አገር ነው?

አንድ ቀን የዕድሉን ጥበት ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። በዚያ ዓመት ሃርቫርድ 54,008 አመልካቾች ቀርበውለት 1,937 ብቻ ተቀብሏል፤ ከመቶው አራት እንኳ አይሞላም። ይህን የሰማ አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ግን አልደነገጠም። «የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ረሳኸው እንዴ?» አለኝ። ያን ጊዜ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰብስበው ተፈትነው፣ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ። «እኛ ከሃርቫርድ የጠበበ በር ያየን ሰዎች ነን» ብሎ ቡናውን ፉት አለ። በሒሳቡ ልከራከረው አልቻልኩም።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መልስ የሚሰጡበት ሰዓትም ለሰፈራችን ታስቦበት የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ኤምአይቲ የተባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ስለሚወድ መልሱን የሚለቀው በእነሱ ማርች 14 ቀን፣ ፓይ የተባለው የሒሳብ ቁጥር 3.14 ገደማ ስለሆነ የፓይ ቀን በሚሉት፣ ከምሽቱ 6:28 ላይ ነው፤ 6.28 ደግሞ የፓይ እጥፍ መሆኑ ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ይሆናል። ልጁ እዚያ አላመለከተም ነበር፤ ሆኖም ጥቂት ጎረቤቶች ለልምምድ ነቅተው አድረዋል። ልጁ ያመለከተበትም ያለበት፣ አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንቱ ዝነኛ ዩኒቨርሲቲዎች መልስ የሰጡት ግን መጋቢት 20 ቀን ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነበር። በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ገብተው ስለነበር ከተማው በሙሉ ጾመኛ ነው። ለሱሁር የነቁት ሐጂ ቴምር ይዘው መጡ፤ የማይነቁት ደግሞ «በዚያው ስናልፍ» ብለው መጡ፤ በሌሊት 8 ሰዓት ወዴት እያለፉ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። አሥራ አንድ ሰው ሳሎን ውስጥ ተቀመጠ። የልጁ ካርድ እንዳያልቅ ሁሉም ሞባይል ዳታውን ከፈተለትና ስልኩ የማንን መያዝ እንዳለበት ግራ ገባው።

ልጁ ፖርታሉን፣ መልሱ የሚወጣበትን ድረ ገጽ፣ ከፈተ። የተቀበሉት ሰው ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ወረቀት ሲበተን እንደሚያይ ሰፈሩ በሙሉ በቪዲዮ አጥንቶ ስለነበር፣ ሁሉም የሚጠብቀው ወረቀቱን ነው። ምንም አልተበተነም። የመጀመሪያውን መስመር አነበበና ስልኩን ገልብጦ ረከቦቱ ላይ፣ በሁለት ስኒዎች መካከል አስቀመጠው። እናቱ ጀበናውን እንዳዘነበለች ቀረች፤ ቡናው ከስኒው አልፎ ወደ ስልኩ መፍሰስ ሲጀምር ያነሣው ልጁ ራሱ ነው። «አልተቀበሉኝም» አለ። አባቱ ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «ቀስ ብለህ አንብበው» አለው።

ሲነጋ ደብዳቤው የሚተረጎምበት ጉባኤ ተሰየመ። በጡረታ ላይ ያሉ የእንግሊዝኛ መምህር ተጠርተው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ፈቱት። ደብዳቤው ልጁን ስላመለከተ አመስግኖታል፤ ዘንድሮ ካመለከቱት መካከል ድንቅ ችሎታ ያላቸው ብዙ እንደነበሩ ይመሰክራል፤ መልካሙን ሁሉ ይመኝለታል፤ ማዘኑንም አልሸሸገም። ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ክፉ ቃል አልተገኘበትም። «እምቢ ያለ ሰው ያመሰግናል እንዴ?» ሲሉ ሐጂ ጠየቁ፤ የሚመልስላቸው ጠፋ። ነገሩን ሳስበው እውነታቸውን ነው። ዕድሜ ልካችንን ከየመስኮቱ «ነገ ተመለሱ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «እናየዋለን» ስንባል ያደግን ሰዎች፣ «አይሆንም» የሚል ቃል ከቢሮ ወጥቶ ሰምተን ስለማናውቅ፣ በወረቀት ተጽፎ ቢመጣልን እንኳ በየት በኩል እንለየዋለን? ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ያጸደቀው ትርጉም «ገና ፕሮሰስ ላይ ነው» የሚል ሆነ። መምህሩም ተቃውሞ አላሰሙም፤ ምሳ ተጋብዘው ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀሩትም መልሶች አንድ በአንድ መጡና ስምንቱ እንደዚያው ሆኑ። ዘጠነኛው ግን ተጠባባቂ አደረገው። ተጠባባቂነት ምን ዓይነት ጸጋ እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስረዳ። የተቀበሏቸው ተማሪዎች እንደ ልማዱ እስከ ሜይ 1፣ በእኛ ሚያዝያ 23፣ መምጣት አለመምጣታቸውን ያሳውቃሉ፤ ቦታ ከተረፈ ከተጠባባቂዎቹ ይጠራል፤ ካልተረፈ ማንም አይጠራም። ሰፈሩ ግን ነገሩን በእግር ኳስ ፈታው፤ ተጠባባቂ ማለት ማልያ የለበሰ፣ ስሙ የተጻፈ፣ አሠልጣኙ ዞር ብሎ እስኪያየው ብቻ የሚጠብቅ ተጫዋች ነው። ያን ሰሞን ሁለት ቤተሰብ ለልጁ የሚሆን ሻንጣ ሊያውሱ ጠየቁ። አንደኛው ሻንጣ እስከ ዛሬ በጎረቤቴ ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ በርበሬ ተቀምጦበታል።

በሰኔ አንድ ማታ ልጁ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራኝ። ለሐምሌው ብሔራዊ ፈተና እያጠና ስለነበር ደብተሩን በእጁ እንደያዘ ነው። «ጋሼ፣ ዘጠነኛውም ዘግቷል፤ ለቤት እንዳትነግርብኝ» አለኝ። መቼ እንደሚነግራቸው ብጠይቀው «ፈተናው ይለፍ» አለ። አልተናገርኩም። ወራት አልፈው፣ በዚያው አጥር በኩል ቂጣ ስታቀብለኝ እናቱ «እኔኮ የዚያን ዕለት ማታ ፊቱን አይቼ ዐውቄያለሁ፤ እንዳያፍር ብዬ ነው የማላውቅ የሆንኩት» አለችኝ። እሱ ለእሷ፣ እሷ ለእሱ፣ አባት ለሁለቱም፣ ሁሉም ደግሞ ለመንገዱ ሲሉ ፕሮሰሱን ውኃ እያጠጡ አቆዩት። እንዲህ ያለውን መተሳሰብ «ጭንቀት ነው» የሚሉ ዘመናውያን አሉ፤ ቡና አብረውን ስላልጠጡ ነው።

ልጁ ብሔራዊ ፈተናውን አለፈ። ምደባው ሲወጣም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሰው፤ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የተመሠረተው፣ ከሌላ ክልል የተመደበ ተማሪ አንድ ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዞ የሚደርስበት፣ ከእኛ ሰፈር ግን በባጃጅ የሚኬድበት ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። ለዚህ ማንም እልል አላለም፤ ባጃጅ የሚያደርስህ ቦታ ፕሮሰስ አይባልምና። እናቱ ስትጠየቅ «ለጊዜው እዚህ እየተማረ ነው» ትላለች፤ ጠያቂውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይገባኛል፣ ሰው እንዳይሰማ» ይላታል። ልጁ አሁን ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ወፎቹንም እየመዘገበ ነው፤ ደብተሩ ሦስተኛው ላይ ደርሷል።

ባለፈው ሳምንት ነጭ ጋዋኑን በክንዱ ላይ አድርጎ ባጃጅ ሲጠብቅ ጡረተኛው ጎረቤታችን ከመንገድ ማዶ «አንተ ልጅ፣ መቼ ነው የምትሄደው?» ሲሉ ጮኹበት። «አሁን ነው ጋሼ፣ 8 ሰዓት ላይ ላብራቶሪ አለኝ» ብሎ ባጃጇ ውስጥ ገባ። እኔ ወደ ቤቴ እስክደርስ ድረስ ሁለት ሰዎች አስቁመውኝ ነገሩ እውነት መሆኑን ጠየቁኝ፤ በረራው በሌሊቱ 8 ሰዓት ነው ወይስ በቀኑ የሚለው ብቻ አላግባባቸውም ነበር።