ገበናችንን ጀባ!

ወሎ እንግዳ ይወዳል። ድሮ መንገደኛ ሲመሽበት ከአንዱ ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ» የሚል ድምፅ ይመጣል። እግሩ ይታጠባል፣ ራት ይቀርብለታል፣ መደቡ ይለቀቅለታል። ከየት እንደመጣ የሚጠየቀው ከጠገበ በኋላ ነው።

ይህ ደግነት ቀረ እያሉ የሚያዝኑ ሰዎች ይገርሙኛል። አልቀረም። እንዲያውም ዘምኗል። ዛሬ እንግዳው ደጅ መቆም፣ ውሻ መፍራት፣ እግሩን ጭቃ ማስነካት አይጠበቅበትም። ከፈለገው አገር ሆኖ በካሜራችን በኩል ይገባል፣ ሳሎን ይቀመጣል፣ ገበናችንን ሲያይ ያድራል። ከየት እንደመጣ ከጠገበ በኋላም አንጠይቀውም።

ደሴ ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ አውቃለሁ። በጥንቃቄ የሚስተካከላቸው የለም። የሱቃቸው በር ሦስት ጓጉንቸር አለው። ከጓጉንቸሩ ውጭ ዘበኛ አለ። ዘበኛው እንዳይተኛ ውሻ አለ። ባለፈው ክረምት ደግሞ አራት ካሜራ አስገጠሙ፤ ሦስቱን ሱቅ፣ አንዱን ቤታቸው ሳሎን።

«ሐጂ፣ ፓስዎርዱን ቀየሩት?» አልኳቸው።

«ለምን ብዬ? ከፋብሪካው ይዞት የመጣ አለው እኮ። ከአንድ እስከ ስድስት።»

«እሱንማ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።»

«ታዲያ ሁሉም የሚያውቀው አይሻልም? ብረሳው ማንን ልጠይቅ ነው?»

መልስ አጣሁ። ለነገሩ እንዳይረሱት መቅረጫው ሳጥን ላይ በማርከር ጽፈውታል። ሳጥኑ ደንበኛ ከሚቀመጥባት ዱካ ፊት ለፊት ነው። ጨርቁ እስኪለካ ድረስ ዓይን ሥራ አይፈታም። የዋይፋዩ ፓስዎርድ ስልክ ቁጥራቸው ነው፤ ስልክ ቁጥራቸው ደግሞ ታፔላው ላይ በትልቁ ተጽፏል። የጓጉንቸሮቹ ቁልፍ ግን ኪሳቸው ውስጥ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ያንን ለልጃቸውም አይሰጡም።

ካሜራውን የገጠመላቸው ልጅም ደግ ነው። ሥራውን ሲጨርስ የሐጂን ስልክ ላይ ከፈተላቸው፤ በዚያው የራሱም ስልክ ላይ ከፈተው። «ችግር ቢኖር ከቤቴ ሆኜ አየዋለሁ፣ አብሽሩ» አላቸው። አበሸሩ። እስከዛሬ እያየላቸው ነው። የሐጂን ብቻ አይደለም፤ የፋርማሲውን፣ የወርቅ ቤቱን፣ የስንቱን ሳሎን። ድሮ ደሴን ሙሉዋን ለማየት ጦሳ ተራራ መውጣት ነበረብን። ይህ ልጅ ፍራሹ ላይ ተጋድሞ ያያታል፤ ያውም ከነውስጧ።

አሜሪካኖች ለዚህ ለዚህ ይካሰሳሉ። ሪንግ የሚባለው የካሜራ ድርጅት ሠራተኞች የደንበኞችን ቪዲዮ፣ የመኝታ ቤቱን ሳይቀር፣ ማየት ይችሉ ነበር ተብሎ መንግሥት ከሰሰው። እ.ኤ.አ. በ2023 ድርጅቱ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሰው ቤቱን ስላዩበት ገንዘብ ሲቀበል! እኛ ለገጣሚው ልጅ የምሳ ጨምረን ነው የሸኘነው።

«የኔን ቤት ደግሞ ማን ይፈልገዋል?» የሚለው አባባላችንን በጣም እወደዋለሁ። እውነት ነው፤ የሚፈልገው የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተነሣው ሚራይ የሚባል ቫይረስም ማንንም ፈልጎ አልነበረም። በኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ካሜራና ራውተር ሁሉ በተራ ያንኳኳል። ከዚያ 60 የሚሆኑ ከፋብሪካ የሚመጡ የመግቢያ ስምና ፓስዎርዶችን ይሞክራል። አድሚን፣ 12345፣ 888888። ጥበቡ ይኸው ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎች «ቤት የእግዜር ነው» ብለው ከፈቱለት። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የነዚህ ዕቃዎች ሠራዊት የድረ ገጾችን ስም ተቀብሎ ወደ አድራሻቸው የሚመራውን፣ ዳይን የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ በጥያቄ ብዛት አጥለቀለቀው። ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰው አልከፈት አሉ። ቫይረሱን የሠሩት ሦስት ወጣቶች ሲሆኑ በዓመቱ ፍርድ ቤት ቀርበው አምነዋል።

እንግዲህ የሐጂ ካሜራ ቀን ጣቃ ሲጠብቅ ውሎ ሌሊት የት ዘምቶ እንደሚያድር ማን ያውቃል? ቢዘምትም አያስታውቅም። ጠዋት መብራቱ ያው አረንጓዴ ነው። ትንሽ የሚያርፈው መብራት ሲጠፋ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር እንማረራለን እንጂ፣ በሰፈራችን እስካሁን የማውቀው አስተማማኝ የሳይበር ጥበቃ እሱ ነው።

የሰው አገር ንፍገት ግን ያሳፍራል። እንግሊዞች ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለማንም ግልጽ በሆነ የፋብሪካ ፓስዎርድ እንዲህ ያለ ዕቃ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከሉ። ጀርመኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ካይላ በምትባል አሻንጉሊት ላይ ተነሡ። ልጆች የሚያወሩትን በማይክሮፎን እየሰማች በኢንተርኔት ታስተላልፋለች ብለው ወላጆችን አስወግዷት አሉ። አሻንጉሊት ፈርተው! በኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። አዋጁ የሰው መረጃ በዘፈቀደ አይወሰድ ባይ ነው። ግን ማን ወሰደብን? ራሳችን እየሰጠን። የስልክ ባትሪ የሚያበራ አፕ ስናወርድ «የስልክ ማውጫህን ልይ?» ይለናል። ይይ። «የምታወራውን ልስማ?» ይስማ። «የት እንዳለህ ልወቅ?» ቦሩ ሜዳ ነኝ፣ ና። ጨለማ ውስጥ መብራት ለሚያበራ ሰው ይህ ይበዛበታል?

ከሁሉ ግን የሚበልጡት ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። ልጃቸው ጅዳ የሰው ቤት ትሠራለች። ናፍቆቱ ሲበረታባት አንገቱ የሚዞር ካሜራ ገዝታ ላከችላቸው። ቡፌው ላይ፣ ከፎቶዋ ጎን ተቀመጠ። እትዬ ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ቡና ጠጥተው አያውቁም። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ አቦሉ ሲቀዳ አንዱ ሲኒ ወደ ካሜራው ይዘረጋል። «ጀባ፣ የኔ ዓለም!»

ሴቶቹ ተሰብስበው ይጫወታሉ። እቁቡ ለማን እንደደረሰ፣ የማን ልጅ ልትታጭ እንደሆነ፣ እነ እገሌ ወርቃቸውን ከባንክ አውጥተው የትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳስቀመጡት። እኔ ወንዱ ስገባ ዝም ይላሉ። ካሜራው ፊት ግን ይወራል፤ እሱ የቤት ልጅ ነው።

አንድ ሌሊት እትዬ ለውሃ ሲነሡ ካሜራው አንገቱን አዙሮ ተከተላቸው። ወደ ጓዳ ሲሄዱ ወደ ጓዳ። ሲመለሱ አብሮ ተመለሰ። ደስ አላቸው። በነጋታው ልጅቱ ስትደውል እኔም ነበርኩ፤ ስልኩ ላውድ ላይ ነው።

«ሌሊቱን ስታይኝ አደርሽ አይደል፣ የኔ አበባ?»

«ኧረ እማ፣ እኔ አይደለሁም። ማዳም ስልኬን ከትናንት ወዲያ ቀምታኝ አሁን ገና ነው የመለሰችልኝ።»

ጀበናው ተንፈቀፈቀ። የሚያወርደው ሰው አልነበረም። ሁላችንም ቡፌውን አየን። ቡፌውም አየን።

ቀስ ብዬ «እትዬ፣ ፓስዎርዱን እስክንቀይረው ከሶኬቱ ልንቀለው?» አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ ነውር አታውቅም?» አሉኝ በሹክሹክታ፣ ካሜራው እንዳይሰማ። «የአላህ እንግዳ ውጣ ይባላል? ገና ቶናው ነው እኮ፤ በረካውን ሳይጠጣ?»

ነጠላቸውን ትንሽ ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ሲኒውን ሞልተው ቡፌው ላይ አስቀመጡለት።