«ትንሽ ጠጋ በልልን»

በህንድ፣ በራጃስታን፣ ራንታምቦር በሚባለው ፓርክ ውስጥ በማለዳ በሚዞሩት ክፍት ጂፖች ላይ ደጋግሞ የሚሰማው «ያውና ታይገሩ!» የሚለው ጩኸት አይደለም። «ትንሽ ጠጋ በልልን» ነው። ፈረንሳዩም፣ ከሙምባይ የመጣው ባለጸጋ ቤተሰብም፣ እኔ አብሬያቸው የሄድኩት የለንደን የሥራ ባልደረቦቼም በየቋንቋቸው ይህንኑ ይላሉ። በአገሪቱ መመሪያ መሠረት ጎብኚ ከአውሬው ከ20 ሜትር በታች መቅረብ የለበትም፤ በመኪናና በመኪና መካከል ደግሞ 50 ሜትር መኖር አለበት። ሹፌሩ ይህን አሳምሮ ያውቃል። የማያውቀው ጉብኝቱ ሲያበቃ ጉርሻ ለመስጠት የየትኛው ተሳፋሪ እጅ ወደ ኪሱ እንደሚገባ ብቻ ነው።

የሚገርመኝ ለንደን ላይ እነዚሁ ሰዎች ስለ ዱር እንስሳት ፎቶ ሲያወሩ መነኩሴ መምሰላቸው ነው። የከተማዋ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በየዓመቱ የፎቶ ውድድር ያካሂዳል። በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያሸነፈው ምስል የአጥር በር ዘሎ የሚያልፍ ተኩላ ነበር። በጃንዋሪ 2010 ግን ተኩላው የዱር ሳይሆን ሰው ያላመደው ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ሽልማቱ ተነጠቀ። በ2020 ያሸነፈው ሩሲያዊ ሰርጌ ጎርሽኮቭ ደግሞ ዛፍ ያቀፈችውን ታይገር ያነሳት በቦታው ሳይኖር ነው። እንቅስቃሴ ሲሰማው ራሱ የሚያነሳ ካሜራ በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ጫካ ደብቆ ከ11 ወራት በላይ ጠበቀ። ይህን ታሪክ ሰምቶ «እንዲህ ነው እንጂ!» የማይል ለንደናዊ የለም። ጂፕ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ሕጉን እሱ አይጥስም፤ ሹፌሩን ያስጥሰዋል። የተደረሰበት ቀን ከፓርኩ የሚታገደው ሹፌሩና አስጎብኚው ናቸው፤ ጎብኚው በማግስቱ አውሮፕላን ላይ ነው።

መጠጋቱ ማንን ጎዳ የሚል አይጠፋም። በባንድሃቭጋርና በካንሃ ፓርኮች የታይገሮችን ዓይነ ምድር ሰብስበው የመረመሩ ሳይንቲስቶች በጎብኚ ወቅት ያገኙት የጭንቀት ሆርሞን ጎብኚ በማይገባበት ወቅት ካገኙት ከፍ ያለ ነበር። ደግሞስ ሳይንሱ ባይኖር፣ ጂፖች መንገዱን ከወዲህና ከወዲያ ዘግተውባት ግልገሎቿን ማሻገር ያቃታትን እናት ያየ ሰው ምን ማስረጃ ይፈልጋል? ጉብኝት ይቅር ማለቴ ግን አይደለም። ራንታምቦር ውስጥ ኖራ በ2016 የሞተችው ማችሊ በዓለም ላይ ብዙ ፎቶ የተነሳች ታይገር ትባል ነበር፤ እሷን ብለው የመጡ ሰዎች ስንቱን ሆቴልና ስንቱን ቤተሰብ አበሉ። ህንድ በ1973 ታይገርን የማዳን ፕሮጀክት ጀምራ በ2022ቱ ቆጠራ 3,682 ያህል አሉኝ ያለችው የአካባቢው ሰው ከሞተው ይልቅ በሕይወት ካለው አውሬ ስለሚጠቀምም ጭምር ነው።

ጅማ ታይገር የላትም። ቦዬ በሚባለው ኩሬዋ ላይ ግን ጉማሬ አላት። እኛ ዲያስፖራዎች ደግሞ ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ካየን፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡናችንን ከጠጣን በኋላ ወደ ቦዬ መውረዳችን አይቀርም። ጉማሬው ሥራ ፈት አይደለምና ተነስቶ አይቀበለንም፤ ጆሮውን፣ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ከውኃው በላይ አድርጎ ይተኛል። ያን ጊዜ አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ድንጋይ ልወርውርበት? ይነሳልዎታል» ይላል። ዋጋው ታውቆ ያደረ ነው፤ መቶ ብር። ድንጋዩ ይወረወራል፣ ጉማሬው አፉን ይበረግዳል፣ እኛ «አዛጋ!» ብለን እንስቃለን። ማዛጋት ሳይሆን ዛቻ ነው። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ከውኃው ይወጣል፤ በእሱና በውኃው መካከል የተገኘ ሰው ወዮለት። እኛ ያን ሰዓት ሆቴል ነን። ልጁ ግን ቤቱ እዚያው ነው።

እንዲህ ስል የአገሬ ሰው ለአውሬ ያዝናል ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። በጅማው በለጤ ጌራ ደን ጉሬዛ ድንገት በአንድነት ሲጮህ፣ ነብር አይቶ ይሆናልና፣ መንገድ የሚመራችሁ ሰው አቅጣጫ ይቀይራል። ራንታምቦር ላይ የጦጣ ጩኸት ሲሰማ ሹፌሩ ነዳጅ ረግጦ ወደ ድምፁ ይበራል፤ የበለጤው ሰው ተመሳሳዩን ምልክት ሰምቶ ይርቃል። ፍቅር አይደለም፤ ነብሩ ፍየሉን የበላበት ሰው ነው፣ ጭራሽ ባይኖር ደስታው ነው። ግን በዚያ አገር «ነብር አየኝ በል» ዛቻ እንጂ የጉብኝት ፕሮግራም አልነበረም። መጠጋትን የሚሸጥ ነገር ያደረግነው ስልክ ይዘን የመጣን እኛ ነን። ፎቶው የግድ ከተፈለገ መንገዱ አለ። በኬንያ ላይኪፒያ እንግሊዛዊው ዊል ቡራርድ ሉካስ በ2019 ለዓለም ያሳየውን ጥቁር ነብር፣ የእኛን ገሰላ መሳይ፣ ያነሳው እንደ ሩሲያዊው በተጠመደ ካሜራ ነው። የጅማ ወጣቶች በለጤ ላይ ይህን ቢሞክሩት እያልኩ እመኛለሁ።

እንግዲህ ራንታምቦርም ቦዬም ላይ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ ቅርበቱን የምንገዛው እምቢ ማለት ከማይችል ሰው ነው። ጥሩ ካሜራ፣ ሩቁን የሚያቀርብ የ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ የተለጠፈ መመሪያ ይህን አይለውጠውም፤ ጉርሻው የሚሰጠው ሲጠጋ እስከሆነ ድረስ ሹፌሩ ይጠጋል፣ ልጁም ይወረውራል። ገንዘቡ ቀድሞ ቢሰጥስ? ጂፑ ሳይነሳ «ሃያ ሜትር ላይ ካቆምክልን ይኸው ያንተ ነው» የሚል ጎብኚ አላየሁም። ቦዬ ላይ ሞከርኩት። ለልጁ መቶ ብሯን አስቀድሜ ሰጥቼ «ይህ ላለመወርወርህ ነው» አልኩት። ፊቴን አየ፣ ብሩን አየ፣ ድንጋዩን ጣለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና ከኋላው ወደቆመው ልጅ ጠቁሞ «ጋሼ፣ እሱም እኮ አይወረውርም፤ ለሱስ?» አለኝ። ለሱም ሰጠሁ። ሦስተኛው እየሮጠ ሲመጣ ግን መኪናው ውስጥ ነበርኩ።